ምርመራው «ጤነኛ ነሽ» ይላል፤ እኔ ግን በየወሩ ራሴን አጣለሁ

ጥያቄ፦ «የ32 ዓመት ሴት፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። የወር አበባዬ ሊመጣ አሥር ቀን ገደማ ሲቀረው ሌላ ሰው እሆናለሁ። በትንሽ በትልቁ እጮኻለሁ፣ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ፣ ባለቤቴን እንለያይ እለዋለሁ። ልጄ ድምፄ ከፍ ሲል ወደ ክፍሏ ገብታ በር መዝጋት ጀምራለች። አንዳንድ ቀን ባልኖር ይሻላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሥራ ለመልቀቅ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ሳልሰጥ ቀርቻለሁ። የሆርሞን ምርመራ ተደርጎልኝ ሁሉም ጤናማ ነው ተባልኩ፤ ‘ይህ የሴት ሁሉ ነገር ነው፣ ቻይው’ ተብዬም ተሸኘሁ። ፒኤምዲዲ ስለሚባል፣ ከወር አበባ በፊት ስሜትን በብርቱ ስለሚያቃውስ ሕመም በቅርቡ አነበብኩ። የእኔ እሱ ይሆን? ከሆነስ እንዴት ልኑር? ለማንስ ልንገር? አሁን የወር አበባዬ ከቆመ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ይህንንም መጻፍ የቻልኩት ደኅና ስለሆንኩ ነው።»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ስለ ሕመሙ ስምና ሕክምና ከመናገሬ በፊት «ባልኖር ይሻላቸው ነበር» ያሉትን ላንሣ። ብዙ ሴቶች ይህን ሐሳብ ለሐኪም ሳይናገሩ የሚያልፉት የወር አበባቸው በመጣ በማግሥቱ እንደ ሕልም ስለሚጠፋ፣ ከጠፋ በኋላም መናገሩ ስለሚያሳፍራቸው ነው። ሐሳቡ መጥፋቱ ግን በሚቀጥለው ወር አይመለስም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመና ፒኤምዲዲ ያለባቸው 599 ሰዎች በተሳተፉበት ዓለም አቀፍ የመጠይቅ ጥናት፣ 34 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ገልጸዋል። መልስ የሰጡት በፈቃዳቸው በመሆኑ ቁጥሩ ሕመሙ ያለበትን ሰው ሁሉ ላይወክል ይችላል፤ ሆኖም ይህን ምልክት ማንም ሐኪም እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው እንደማይገባ ለማሳየት ይበቃል። ስለዚህ ሐሳቡ መቼና በምን ወደሚል ዕቅድ ከተሻገረ የወር አበባው እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ለአንድ ሰው ነግረው፣ ብቻዎን ሳይሆኑ፣ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያዎ ወዳለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። በቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ባለቤትዎ እንዲይዘውም ዛሬ፣ ደኅና ሳሉ፣ ይንገሩት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እርስዎን በአካል ሳላይ ሕመሙ አለብዎት ልል አልችልም፤ የጻፉት ነገር ግን ከፒኤምዲዲ ጋር በእጅጉ ይገጥማል፤ በአግባቡ ሊመረመርም ይገባዋል። የሆርሞን ምርመራዎ ጤናማ መሆኑም ይህን አያፈርሰውም። እንዲያውም ፒኤምዲዲ ባለባቸው ሴቶች ደም ውስጥ የሚገኘው የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን መጠን አብዛኛውን ጊዜ እንደማንኛዋም ጤነኛ ሴት ነው። ይህን ሕመም የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። ስለዚህ «ምርመራው ጤነኛ ነሽ ካለ ሕመም የለሽም» የሚለው ድምዳሜ ስሕተት ነበር፤ በዚያ ስሕተት ምክንያት እርስዎ ራስዎን መጠራጠርዎ ያሳዝነኛል።

የሆርሞኑ መጠን ጤናማ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ከየት ይመጣል? ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ካነበብኳቸው መልሶች ሁሉ ግልጹ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከወር አበባ በፊት ስሜታቸው በብርቱ ለሚቃወስ ሴቶችና ይህ ችግር ለሌለባቸው ሴቶች የኦቫሪን (እንቁላልና የሴት ሆርሞን የሚያመነጨውን ዕጢ) ሥራ ለጊዜው የሚያቆም መድኃኒት ሰጡ። ሆርሞኑ ሲቆም ከታማሚዎቹ በርካቶቹ ተሻላቸው። ከዚያም ለተሻላቸውና ለጤነኞቹ ሴቶች በተለመደው መጠን ኢስትሮጅን ወይም ፕሮጄስትሮን መልሰው ሰጧቸው። ታማሚ በነበሩት ላይ ሐዘኑና ብስጭቱ ተመልሶ መጣ፤ በጤነኞቹ ላይ አንዳች ለውጥ አልታየም። ሆርሞኑ ያው፣ መጠኑም ያው ነበር፤ የተለየው የሚቀበለው አእምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች ፒኤምዲዲ ባለባቸው ሴቶች ሕዋሳት ውስጥ፣ ለእነዚህ ሆርሞኖች ምላሽ የሚሰጡ የተወሰኑ ጂኖች አሠራር ከሌሎች ሴቶች የተለየ ሆኖ እንዳገኙት አስታወቁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። ፕሮጄስትሮን በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ አሎፕሬግናኖሎን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣዋል። ይህ ንጥረ ነገር አእምሮን የሚያረጋጋው ጋባ የተባለ ኬሚካል የሚሠራባቸውን ተቀባዮች ይነካል። በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የማረጋጋት ጠባይ አለው፤ ፒኤምዲዲ ያለባቸው ሴቶች አእምሮ ግን ለመጠኑ መውጣትና መውረድ እንደሚገባው ራሱን አያስተካክልም ተብሎ ይታመናል። ስሜትን በማስተካከል የሚሠራው ሌላው የአእምሮ ኬሚካል፣ ሴሮቶኒንም፣ በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «ቻይው» የሚለው ምክር ለምን እንደማይሠራ እንዲታይዎት ነው፤ ለሆርሞን ለውጥ የሚሰጥ የአእምሮ ምላሽ በትዕግሥት ብዛት አይለወጥም።

ሕመሙም አዲስ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያው ፒኤምዲዲን ከድባቴ ሕመሞች ተርታ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መድቦታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምድብም ውስጥ ይገኛል። ከወር አበባ በፊት ትንሽ መነጫነጭ፣ የጡት ሕመም ወይም የሆድ መነፋት አብዛኞቹ ሴቶች የሚያውቁት ነው። ፒኤምዲዲ ግን በጥብቅ መስፈርት ሲለካ የወር አበባ ከሚያዩ ሴቶች መካከል ጥቂት በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ የሚታይ ነው፤ ስለዚህ «የሴት ሁሉ ነገር ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም። መመሪያው ከ11 ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ እንዲኖሩ ይጠይቃል፤ ከአምስቱም ቢያንስ አንዱ ከስሜት መለዋወጥ፣ ከብርቱ ብስጭት፣ ከተስፋ መቁረጥ ወይም ከጭንቀት አንዱ መሆን አለበት። የቀሩት ድካምን፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባትን፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻልን፣ ነገር ሁሉ ከአቅም በላይ ሆኖ መታየትንና አካላዊ ሕመሞችን ይጨምራሉ። ምልክቶቹ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት ይታያሉ፣ ከመጣ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀላሉ፣ ከቆመ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ ከናካቴው ይጠፋሉ ወይም እጅግ ይቀንሳሉ። በሥራ፣ በትምህርት ወይም በቤተሰብ ሕይወት ላይ የሚታይ ጉዳት ማድረሳቸውም ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሕመሙን ከሌላው የሚለየው ጊዜው ነው። ሐዘን፣ ቁጣና ጭንቀት በብዙ ሕመሞች ላይ ይገኛሉ፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ እየወጡና እየገቡ የሚኖሩት ግን በጥቂቶቹ ነው። ስለዚህም ምርመራው የሚደረገው በመርፌ ሳይሆን በእርሳስ ነው፤ መመሪያው ቢያንስ ሁለት የወር አበባ ዑደት ያህል በየቀኑ የተያዘ መዝገብ ይፈልጋል። ወደ ኋላ ተመልሶ ማስታወስ አይበቃም፤ ምክንያቱም በክፉው ቀን ዓመቱ ሁሉ ክፉ የነበረ ይመስላል፣ በደኅናው ቀን ደግሞ ነገሩ ሁሉ የተጋነነ ይመስላል።

አንዲት ታካሚዬ ያመጣችልኝን ደብተር እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ባለ መስመር የትምህርት ቤት ደብተር ነበር፤ በግራ በኩል ቀኑን፣ ከጎኑም ለቁጣ፣ ለሐዘን፣ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ችግር ከ1 (ምንም የለም) እስከ 6 (እጅግ ብርቱ) ቁጥር ሰጥታለች። የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን 1 ብላ ነው የጀመረችው። ከ5ኛው እስከ 17ኛው ቀን ድረስ ገጹ በ1 እና በ2 የተሞላ ነው። በ19ኛው ቀን 4 ይገባል፤ ከ22ኛው እስከ 27ኛው ቀን 5 እና 6 ብቻ ነው የሚታየው፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶ ወደ ቀጣዩ ገጽ የዘለቀበት ቦታም ነበር። የወር አበባዋ በመጣ በሁለተኛው ቀን እንደገና 1። ሁለተኛውን ወር ስንገልጥ ያው መልክ ተደገመ። ለዓመታት «አመልሽ ነው» ስትባል የኖረች ሴት በሁለት ገጽ ወረቀት ላይ የራሷን ሕመም ስታይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ነበር የተቀመጠችው።

የእርስዎ ሦስት ደብዳቤዎች ከዚህ መዝገብ ጋር ይቀራረባሉ። የተጻፉበት ቀን ተጽፎባቸው ወይም በስልክዎና በኮምፒውተርዎ ተመዝግቦ ካገኙት፣ ከወር አበባዎ ቀን ጋር ያስተያዩትና ወደ ሐኪም ይዘውት ይሂዱ። ማስረጃነቱ የቀን መዝገቡን አይተካም፤ ነገር ግን ሕመሙ በሥራዎ ላይ ያደረሰውን ነገር ከማንኛውም ማብራሪያ አሳጥሮ ይናገራል።

መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። በደኅናው ሳምንትም ቁጥሮቹ ከፍ እንዳሉ ከቀሩ፣ ያለብዎት ምናልባት ወሩን ሙሉ የሚቆይ ድባቴ ወይም የጭንቀት ሕመም ይሆናል፤ ከወር አበባ በፊት የሚብሰውም እሱ ነው። ይህ ከፒኤምዲዲ ጋር በተደጋጋሚ ይምታታል፤ ሕክምናው ግን ይለያል። የታይሮይድ ዕጢ መዛባትና ደም ማነስም ድካምና የስሜት መለዋወጥ ስለሚያመጡ ሐኪሙ ቢያጣራቸው ጥሩ ነው። በተለይ ደግሞ እንቅልፍ ሳያምርዎት ጉልበትዎ ከልክ በላይ የሚሆንበት፣ ሐሳብዎ የሚሮጥበትና ገንዘብ ያለ ልክ የሚያወጡበት ወቅት ኖሮ የሚያውቅ ከሆነ፣ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ሳይጠየቁም ቢሆን ይናገሩ፤ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም ባለበት ሰው ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ለብቻቸው ሲሰጡ ነገሩን ሊያብሱት ይችላሉ።

ሕመሙ ከተረጋገጠ ሕክምና አለው፤ ይህን በሙሉ ልብ እነግርዎታለሁ። በመጀመሪያ የሚሞከሩት ሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩት ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊንና ፓሮክሰቲን ናቸው። ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚሁ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ብዙ ሴቶች «እኔ እብድ አይደለሁም» ብለው የሚሸሿቸው በስማቸው ምክንያት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ መድኃኒቶች ለድባቴ ሲሰጡ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ ለፒኤምዲዲ ሲሰጡ ግን ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይሠራሉ። በዚህም የተነሣ በየቀኑ ሳይሆን ከዑደቱ እኩሌታ ጀምሮ የወር አበባው እስኪመጣ ድረስ ብቻ መውሰድ ለብዙዎች ይበቃል። ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መዛባትና የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ የመጨረሻው ብዙዎች አፍረው ሳይናገሩት መድኃኒቱን የሚያቋርጡበት ምክንያት ስለሆነ ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩት። አንዱ ካልተስማማ ሌላው ሊስማማ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ እንቁላል እንዳይለቀቅ በማድረግ የሆርሞኑን መዋዠቅ ማርጋት ነው። ኢስትሮጅንና ድሮስፓይሪኖን የተባለ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ያለበት፣ 24 ቀን የሚሠራ ፍሬ 4 ቀን ደግሞ ባዶ ፍሬ የሚዋጥበት የወሊድ መከላከያ፣ መከላከያ መውሰድ ለሚፈልጉና ይህ ሕመም ላለባቸው ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው ተቆጣጣሪ ተፈቅዷል። ነገር ግን የደም መርጋት ታሪክ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ወይም ከዓይን ብልጭታ ጋር የሚመጣ ማይግሬን ካለብዎት፣ ወይም ዕድሜዎ 35 ሞልቶ የሚያጨሱ ከሆነ አይሰጥዎትም። ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ ያለባቸው መከላከያዎች አንዳንድ ታማሚዎችን ያብሱባቸዋል፤ ስለዚህ መከላከያ ሲቀይሩ መዝገቡን አያቋርጡ። እነዚህ ሁሉ ሳይረዱ ሲቀሩ የኦቫሪን ሥራ ለጊዜው የሚያቆሙ መርፌዎች በልዩ ሐኪም ክትትል፣ አጥንት እንዳይሳሳ ሆርሞን እየተጨመረባቸው፣ ይሰጣሉ። ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው የመጨረሻ ነው፤ ኦቫሪዎች ባሉበት ማኅፀንን ብቻ ማውጣትም ሕመሙን አያስቀርም።

የአካል እንቅስቃሴና በቂ እንቅልፍ ይረዳሉ፤ ካልሲየምም ቀለል ላሉት የቅድመ ወር አበባ ምልክቶች ጠቅሞ ታይቷል። እርስዎ በገለጹት ልክ ለከበደ ሕመም ግን ብቻቸውን ይበቃሉ አልልም፤ ቫይታሚን ቢ6ንም በገዛ ፈቃድዎ በብዛት አይውሰዱ፣ ነርቭን ይጎዳል። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚሰጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካገኙ ግን አያመንቱ። ሆርሞኑን አይለውጥልዎትም፤ ነገር ግን በክፉው ሳምንት የሚመጣውን ሐሳብ እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ምልክት ማየትን ያስተምራል፣ ከወር አበባ በኋላ የሚከተለውን ጸጸትም ያቀላል። ያ ጸጸት ራሱን የቻለ ሕመም የሚሆንባቸውን ብዙ ሴቶች አይቻለሁ፤ አሥር ቀን ታመው አሥር ቀን ይቅርታ ሲጠይቁ ወሩ ያልቃል።

«ለማን ልንገር» ላሉት፣ መጀመሪያ ለባለቤትዎ ይንገሩ እላለሁ፤ መቼ የሚለው ደግሞ ከምን የሚለው አይተናነስም። በጠቡ መካከል «ታምሜ ነው» ቢሉት ማምለጫ ይመስለዋል። እሱም በጠቡ መካከል «የወር አበባሽ ሊመጣ ነው እንዴ?» ቢልዎት እንደ ስድብ ይሰማዎታል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ልጅዎ ከተኛች በኋላ፣ ሦስት ነገር ብቻ ይነጋገሩ፤ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሚጠበቅ፣ በእነዚያ ቀናትም ሁለታችሁም ምን እንደምታደርጉና ምን እንደማታደርጉ። ስለ መለያየት፣ ሥራ ስለ መልቀቅና ስለ ከባድ ወጪ የሚነሣ ነገር ሁሉ የወር አበባዎ ከመጣ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ እንዲቆይ ቢስማሙ፣ በሦስቱ ደብዳቤዎች ላይ አራተኛ አይጨመርም። ድምፅ ከፍ ሲል አንዳችሁ «አሁን ልውጣ» ብሎ ያለ ጥያቄ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድበትን ቃልም አስቀድመው ይወስኑ።

እዚህ ላይ ባለቤትዎ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በእነዚያ ቀናት የሚናገሩት ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። የቤት ሥራው በእርስዎ ላይ ብቻ ወድቆ ከሆነ፣ ድካሙ በደኅናውም ሳምንት አለ፤ ክፉው ሳምንት ጩኸቱን ነው የጨመረው። ስለዚህ በቁጣ ያነሡትን ቅሬታ አንድ ቦታ ይጻፉትና በደኅናው ሳምንት እንደገና ያንብቡት። ያን ጊዜም እውነት ሆኖ ከታየዎት፣ በሕመም ስም ሊታለፍ አይገባውም፣ ረጋ ብሎ መነጋገር ይፈልጋል።

ልጅዎን በተመለከተ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ልጆች የማያውቁትን ነገር በራሳቸው ጥፋት ይሞሉታል። «እማማ በየወሩ ጥቂት ቀን ያማታል፣ ያን ጊዜ ቶሎ ትቆጣለች፣ በአንቺ ምክንያት አይደለም፣ ሐኪምም እየረዳት ነው» ማለት ይበቃል። ከጮኹባት በኋላም ወደ ክፍሏ ሄደው «ያ ጩኸት አይገባሽም ነበር» ይበሏት።

በሥራ ቦታ የሕመሙን ስም የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ለሚያምኑት ኃላፊ በየወሩ የሚመላለስ የጤና ችግር እንዳለብዎ ነግረው፣ ከተቻለ በሐኪም ማስረጃ አስደግፈው፣ ከባድ ስብሰባዎችና የማስረከቢያ ቀኖች ከእነዚያ ቀናት እንዲሸሹ መጠየቅ ይችላሉ። ከቤትና ከሥራ ውጭ ደግሞ ተመሳሳይ ሕመም ካለባቸው ሴቶች ጋር መነጋገር እኔ በማዘዣ ልጽፈው የማልችለው እፎይታ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቅድመ ወር አበባ ሕመሞች ማኅበር የታማሚዎች የእርስ በርስ ድጋፍ ያዘጋጃል፤ በየቀኑ የሚሞላ የምልክት መመዝገቢያም አለው።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ታሪኩን ከመጀመሪያው አይጀምሩለት። የሁለት ወር መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና «እነዚህ ቀናት ላይ ይህ ይሆናል፣ እነዚህ ቀናት ላይ ይጠፋል፣ ፒኤምዲዲ መሆኑን እንዲያጣሩልኝ ነው የመጣሁት፣ በክፉው ቀን የመሞት ሐሳብም ይመጣብኛል» ይበሉት። የማኅፀንና ጽንስ ሐኪምም ሆነ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሊረዳዎት ይችላል። መዝገቡን ሳያይ «ቻይው» የሚል ከገጠምዎት ሌላ ሐኪም የመፈለግ መብት አለዎት። የመሞት ሐሳቡ ካለ ደግሞ ሁለቱ ወር እስኪሞላ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ፣ መዝገቡ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይቀጥላል።

የወር አበባዎ ከቆመ ሦስት ቀን ስለሆነ መዝገቡን ለመጀመር ቀጣዩን ወር መጠበቅ አያስፈልግዎትም። ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት እንደዚያች ታካሚ ቀኑን፣ ከጎኑም የቁጣን፣ የሐዘንን፣ የጭንቀትንና የእንቅልፍን አራት ቁጥሮች ይጻፉ። ምናልባት አራቱም 1 ይሆኑና መጻፉ ከንቱ ይመስልዎት ይሆናል፤ ሐኪሙ ከምንም በላይ የሚፈልጋቸው ግን እነዚያን ዝቅተኛ ቁጥሮች ነው፣ ምክንያቱም 6ቱን ከሌላ ሕመም የሚለዩት እነሱ ናቸው።